የንጉሴ ሃያ ሦስት ቀን

ንጉሴ ብርሃኑን የማያውቅ የወልድያ ሹፌር ካለ፣ መኪናው ተበላሽቶበት የማያውቅ ሹፌር ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ሹፌር ደግሞ እናቱ ገና አልወለደችውም። የአይሱዙን ካምቢዮ ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ የትኛው ጥርስ እንደተበላ የሚናገር፣ ሌላው መካኒክ ሁለት ቀን የሚለፋበትን ሞተር በግማሽ ቀን አውርዶ የሚሰቅል ሰው ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ከእጁ ሙያ ይልቅ የሚወራለት የእጁ ክብደት ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ጋራዥ ጥርሱን ለቅሞ የወጣ ረዳት፣ መንጋጋው ዞሮ የቀረ ደላላ፣ አፍንጫው የተጣመመ ሹፌር አለ። ሁሉም ግን መኪናቸው ሲቆም ተመልሰው እሱው ዘንድ ይመጣሉ።

ይህን ጠባይ ከሜዳ አላነሳውም። አባቱ አቶ ብርሃኑ መርሳ ላይ ብርቱካንና ማንጎ ከገበሬ እየሰበሰቡ ለመንገደኛ የሚሸጡ፣ በሰው ፊት አንገታቸውን ደፍተው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ቤት ሲገቡ ያ የተደፋ አንገት ይቀናል። ልጃቸውን በአህያ መጫኛ ጠፍር ይገርፉታል፤ ብርቱካን ቢበላም ይገረፋል፣ ባይበላም ሊበላ አስቦ ነበር ተብሎ ይገረፋል። አስራ አምስት ዓመት የሞላው ሰሞን ጠፍሩን ከአየር ላይ ቀለበና በዚያው ጠፍር የአባቱን ፊት ሰነጠቀው። አቶ ብርሃኑ ከዚያ ወዲያ ጣታቸውን አላነሱበትም። ልጁም ዱላን የሚያቆመው ዱላ ነው የሚል ትምህርት ይዞ ከቤት ወጣ። ከዚህ የከፋ ትምህርት የለም፤ አንዴ ገብቶ የተማረውን ሰው ደግሞ ማን ያስረሳዋል?

ጦርነቱ ወልድያ በገባ ጊዜ የጋራዡ ባልደረባው ዓሪፍ መሣሪያ ቤቱን አልከፍትም ብሎ ደጃፉ ላይ በጥይት ተመትቶ ወደቀ። ንጉሴ ከአንድ ጎማ አልባ መኪና ሥር ተጋድሞ አየው። ሁለት ቀን ሙሉ ሬሳውን ማንሳት አልተቻለም፤ ሲነሳም ውሾች ቀድመውት ነበር። ከዚያ በኋላ ንጉሴ ቁጣው ሲመጣ እንደ ድሮው መጮኹን ተወና ዝም ብሎ መምታት ጀመረ።

አስካለን ያገባት ጦርነቱ ጋብ ባለ ጊዜ ነው። የመርሳ ልጅ ናት፣ ዝምተኛ፣ ሳቋ ለብቻዋ የሆነ። እሷንም መትቷታል። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ይላል። ለመታ ሰው ሁለት ትንሽ ቁጥር ናት።

የመጀመሪያ ልጃቸው ሔዋን መርሳ ተወለደች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነውና እስከዚያ ድረስ ከአራስ ቤት አትወጣም። የእነ አስካለ አራስ ቤት መስኮቱ የተደፈነ፣ በሩ በጋቢ የተጋረደ ክፍል ነበር፤ ብርድ እንዳይገባ፣ ምች እንዳይመታት፣ ክፉ ዓይን እንዳያያት። የአስካለ እናት ወይዘሮ ዘነቡ ይህን ሕግ ዘብ ቆመው አስከበሩት። ልጅቷ ጤና ጣቢያ ስትወለድ ትንሽ ቢጫ ብላ ነበር፤ አዋላጇ ብዙ ሕፃን እንዲህ ይሆናል፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለቃል ብላ አሰናበተቻቸው። ለቀቀ አልለቀቀ በዚያ ጨለማ ውስጥ ማን ይየው? ዓይነ ምድሯ ነጭ እየሆነ ሲወጣማ ወይዘሮ ዘነቡ ደስ ነበር ያላቸው። «የልጄ ጡት ንጹሕ ነው፤ ወተት የጠጣች ወተት ብታወጣ ምን ይደንቃል» እያሉ ለጎረቤት አወሩ። ጎረቤትም መረቀ። ንጉሴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወልድያ እየመጣ በጭላንጭል ግንባሯን ስሞ ይመለሳል።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በሰማንያኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ለጥምቀቱ ልብሷ ሲወልቅ ብርሃን አገኛት። ክርስትና እናቷ ናርዶስ ወልድያ የምትሠራ ነርስ ናት። ልጅቷን ከአስካለ እጅ ስትቀበል እጇ ቆመ። የልጅቷ ገላ እርድ የተቀባ መስሏል፤ የዓይኗ ነጭ ቢጫ ነው፤ ሆዷ ከቀኝ ጎኑ ተነፍቷል። ናርዶስ እስከ ጸሎቱ ፍጻሜ አፏን ዘግታ ቆየችና ንጉሴን ወደ ጥግ ወሰደችው።

«ዓይነ ምድሯ ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ ነው። ምነው፣ ጥሩ አይደለም እንዴ?»

«ከጉበቷ ሐሞት የሚያወርደው ቧንቧ ተዘግቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ቀዶ የሚጠግኑ አሉ። እስከ ስልሳ ቀን ቢሆን ነበር የሚመረጠው። አሁንም ቢሆን አንድ ቀን አታሳድር።»

ንጉሴ ደነገጠ። ሰኞን ወልድያ ፈቃድ በመጠየቅና መኪና በመለመን አሳለፈው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ደንበኛው ባዋሰው ፒክአፕ፣ ናርዶስን ከጎኑ አስቀምጦ መርሳ ሲደርስ የልጅቷን ለቅሶ ከደጅ ሰማው። የሕፃን ለቅሶ አይመስልም ነበር። አስካለ ጨርቁን ገልጣ አሳየችው። ከእምብርቷ ከፍ ብሎ፣ በቀኝ ጎኗ በኩል፣ ጥፍር ጥፍር የሚያካክሉ ሦስት የተቃጠሉ ቦታዎች፣ ዳርቻቸው የተላጠ፣ መካከላቸው ጥቁር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይህ ነው። ወይዘሮ ዘነቡ ይህ የሌሊት ወፍ በላይዋ አልፋ ያመጣችው የወፍ በሽታ ነው ብለው፣ ሰኞ ዕለት ሀብሩ ገጠር ለሚኖሩት ለአያ ሲሳይ ወስደው በጋለ ብረት አስተኩሰዋታል።

«ለእሷው ብዬ ነው» አሉ ሴትዮዋ። «እናቷንም በልጅነቷ ያዳኗት እሳቸው ናቸው።»

ፒክአፑ ደጅ ላይ ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። ናርዶስ በሩን ከፍታ «ልጅቷን ስጡኝና እንሂድ» አለች። ቃጠሎዋ የሚታይበት የወልድያ ሆስፒታል ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ናርዶስ ደግማ ጠራችው፣ አስካለም ልጅቷን ታቅፋ ወደ መኪናው ተነሳች። ንጉሴ ግን ናርዶስን ክንዷን ይዞ አወረዳትና መሪውን ጨብጦ ወደ ሀብሩ ገጠር ነዳው። ያን ዕለት መሪውን ወደ ግራ ያጠፈ እጁን አሁን ድረስ ሲያየው ይውላል።

አያ ሲሳይ ስልሳውን ያለፉ ሰው ናቸው። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የሞፈር እንጨት ይጠርቡ ነበር።

«አንቱ ነዎት ልጄን የተኮሱ?»

«አዎ ልጄ። እንዴት አደረች? ሦስት ቦታ ነው የነካኋት፣ አይዞህ፣ ይለቃታል።»

ከዚህ በላይ አላስጨረሳቸውም። እንጨቱን ከእጃቸው ነጥቆ መታቸው። ሊከላከሉ ያነሱት ክንድ ከክርኑ በታች ሲሰበር ድምፁ ተሰማ። ሚስታቸው ጮኸው በላያቸው ወደቁ፤ ሴትዮዋን በእግሩ ገፍቶ አሽቀነጠራቸው። ሁለተኛው ምት መንጋጋ ላይ አረፈና የሽማግሌው አፍ በደም ሞላ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው ነገሩ፣ ሰው ወድቆም አላቆመም። ወደ ቤት ገብቶ የመተኮሻውን ብረት ከምድጃ ዳር አነሳና ደረታቸው ላይ ተጫነው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ቀዝቃዛ መሆኑ የአያ ሲሳይም የእሱም ዕድል ነው፤ እሱ ግን ያን ጊዜ የተሰማው ንዴት ብቻ ነበር። ጎረቤት በዱላ ደረሰ። ራሱን ፈንክተው፣ ጎኑን ረግጠው፣ እጁን በጠፍር አስረው መርሳ ፖሊስ ጣቢያ ጣሉት።

ሃያ ሦስት ቀን ታሰረ።

በእነዚያ ቀኖች በወልድያና በደሴ መካከል ያለው መንገድ ተኩስ ነበረበት። ማን በማን ላይ እንደሚተኩስ የሚያውቅ ያውቃል፤ ለመንገደኛ ጥይት ጥይት ነው። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ሌሊት የተያዘ ሰው ሁሉ አዲስ ወሬ ይዞ ይገባል፤ አንዱ አውቶቡስ ተቃጠለ ይላል፣ አንዱ ድልድይ ተዘጋ ይላል፣ አንዱ ተከፈተ ይላል፤ ንጉሴ የሚያምነው ግን የአስካለን ወሬ ብቻ ነው። አንድ ቀን እስረኞቹ በውኃ ጀሪካን ተጣልተው አንዱ የሌላውን ጆሮ ነክሶ ቆረጠው። ንጉሴ እንኳን ሊገባ ቀና ብሎም አላየ። አስካለ አንድ ቀን እያሳለፈች ስንቅ ታመጣለች። ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቃት።

«መንገዱስ?»

«ዝግ ነው።»

«ልጅቷስ?»

«አለች።»

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገብተው ለዕርቅ አስፈቱት። ንጉሴ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ በአያ ሲሳይ ደጅ ተንበረከከ። አያ ሲሳይ ክንዳቸው ታስሮ፣ መንጋጋቸው አብጦ ወጡና፣ ቃል መናገር ስላልቻሉ ድንጋዩን በግራ እጃቸው አነሱለት። ይቅርታ ማድረጋቸው ነው። ንጉሴ ከዚያ ደጅ እየሮጠ ነው የሄደው።

ቤት ሲደርስ የጠበቀችው ልጅ ያቺ የተዋት አይደለችም። ፊቷ ከስቶ ዓይን ብቻ ሆናለች፤ ሆዷ የደም ሥሩ እየታየ ተወጥሯል። መንገዱ በማግሥቱ ተከፈተ ተባለና ኤርሚያስ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ሦስቱንም ካቢና ውስጥ ጫናቸው። ውርጌሳን ሳያልፉ ተኩስ ተከፈተ። የፊት መስታወቱ ረገፈ። ኤርሚያስ ትከሻው ላይ ተመትቶ መሪው ላይ ተደፋ፤ መኪናው ወደ ገደሉ አዘነበለ። ንጉሴ ሹፌሩን ወደ ጎን ጎትቶ፣ ደሙ ላይ ተቀምጦ፣ መሪውን መልሶ ያዘ። አስካለ ልጅቷን በሆዷ ሥር አድርጋ ወለሉ ላይ ተደፍታለች፤ የመስታወት ስባሪ ጀርባዋን ሸፍኖታል። ከኋላቸው ይመጣ የነበረው ሚኒባስ ሲንከባለል በጎን መስታወቱ አየው። አላቆመም። ኤርሚያስን ደሴ ሐኪም ቤት አድርሶ በሌላ መኪና አዲስ አበባ ገባ።

ሔዋን በመቶ ሰባት ቀኗ የቀዶ ሐኪሞቹ ፊት ደረሰች። ከቀዶው በፊት ዶክተር ሩት የምትባል ወጣት ሐኪም አነጋገረቻቸው። የወልድያ ልጅ ናት፤ በንግግሯ አወቋት። የሔዋን ሆድ ሲከፈት ከጉበቷ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ቁራጭ ለጥናት እንዲፈቅዱላት ለመነች። ጥናቱ ሔዋንን እንደማያድናት፣ ወደፊት ለሚመጡ ልጆች ግን እንደሚጠቅም በግልጽ ነገረቻቸው። ንጉሴ ግማሹን አልሰማም፤ ፈርም ባሉት ቦታ ሁሉ ፈረመ። ሐኪሞቹ ከፍተው ያዩት ጉበት ጠጥሮ ጠባሳ ብቻ ሆኖ ነበር። ቧንቧውን ለመጠገን ሞከሩ፤ ሐሞቱ አልወረደም። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» አለ የቀዶ ሐኪሙ፤ የቀረውን አልጨረሰውም። ሔዋን በሰባተኛ ወሯ መርሳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ደም እያስታወከች ሞተች።

ከዚያ በኋላ ያለው የንጉሴ ኑሮ አንድ ጥያቄ ነው፤ እኔ ነኝ ወይ የገደልኳት? ሞተር ሥር ተጋድሞ ይቆጥራል። ያ ማክሰኞ፣ ፒክአፑ ደጅ ላይ የቆመበት፣ ከዚያ ሃያ ሦስት ቀን። መልሱ ሊመጣበት ሲል አንድ ነገር ይይዛል፤ መንገዱ ዝግ ነበር። ባልታሰር ኖሮስ በየት በኩል እወስዳት ነበር? ይህችን ዓረፍተ ነገር ለጓደኛ ነግሯታል፣ ለቄስ ነግሯታል፣ ሰክሮ ለማያውቀው ሰው ነግሯታል። ይህች ባትኖር ራሱን ይጠላ ነበር። እሷን ይዞ ሰው ቀና ብሎ ይሄዳል።

ወይዘሮ ዘነቡ ደግሞ የራሳቸው እሳት ነበራቸው። ልጅቷ ከሥጋዋ ተቆርጦ ቀርቶ ጎዶሎዋን ተቀበረች እያሉ በየተዝካሩ ያለቅሳሉ። መርሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬው ተመልሶ በንጉሴ ጆሮ ገባ። ሌላ ልጅ ወለዱ፣ ወንድ፣ ፍፁም የሚባል። አስካለ በሦስተኛው ቀን እናቷን ከበር ገለል አድርጋ ልጁን ፀሐይ ላይ አወጣችው፣ ዓይኑን ገልጣ አየች፣ ጨርቁንም አየች። ደህና ነበር። የቁራጯ ነገር ግን ንጉሴን አልለቀቀውም።

ሔዋን በሞተች በሁለተኛው ዓመት ዶክተር ሩት ወልድያ መጣች። በከተማው አንድ አዳራሽ ውስጥ አዋላጆችንና የጤና ሠራተኞችን ሰብስባ፣ የሕፃን ዓይነ ምድር ነጭ ከሆነ ሳይውል ሳያድር እንዲልኩ ታስተምር ነበር፤ ናሙና የሰጡ ቤተሰቦችንም ጥናቱ ምን እንዳገኘ ልትነግራቸው ጠርታለች። ለንጉሴ የነገረችው ናርዶስ ናት። ከጋራዡ በቀጥታ፣ እጁን ሳይታጠብ መጣ። ዘበኛው ሊያስቆመው ሲል በክርኑ ደረቱን መታውና ግድግዳው ሥር ዘረጋው።

«ቁራሿን ስጪኝና እሄዳለሁ» አላት በተሰበሰበው ሰው ፊት። «ልጄን ሙሉዋን እቀብራታለሁ።»

«ንጉሴ፣ ቁጭ በል።»

«ቁራሿን!»

ዶክተር ሩት ልትዋሽ ትችል ነበር። አልዋሸችም። «የለችም» አለችው። «ፈጭተናት ነው ያነበብናት።»

ፈጭተናት የሚለውን ቃል ሲሰማ ጠረጴዛውን ገለበጠው። ፕሮጀክተሩ ወለል ላይ ተከሰከሰ። ሊይዘው የመጣውን ሰው በቡጢ ጣለው። ሩትን በጋውኗ አንገት ይዞ ከግድግዳው ጋር ሲያላትማት ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ ደሙ በአገጯ ወረደ። አራት ሰው ተረባርቦ ወደ ኋላ ጎተተው። ናርዶስ ታለቅስ ነበር።

«ልቀቁት» አለች ሩት። ደሙን በእጅጌዋ ጠረገች። «ያነበብነውን ሳትሰማ ነው የምትሄደው?»

ለቀቁት። ወንበር አንስታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። የመጣበትን ነገር ያን ጊዜ ነው ያወጣው።

«ታስሬ ነበር። ሃያ ሦስት ቀን። እኔ ነኝ ወይ የገደልኳት? ይህን ያቺ ቁራሽ ታውቃለች?»

ሩት እንዲገባው አድርጋ ጀመረች። በሰውነታችን ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ሕዋስ አንድ ዓይነት ሙሉ መጽሐፍ አላት፤ ዘረ መል የምንለው የዚያ መጽሐፍ ገጽ ነው። የጉበቱም የቆዳውም መጽሐፍ አንድ ነው። ልዩነቱ የትኛው ገጽ ተገልጦ እየተሠራበት ነው የሚለው ነው።

«የመኪና ማንዋል» አለ ንጉሴ፣ ወለሉን እያየ።

«እንዴት?»

«ማንዋሉ ሁሉ ጋራዥ አንድ ነው። ግሪስ የነካው ገጽ ግን ይለያያል። የፍሬኑ ገጽ ከቆሸሸ የዚያ ሰሞን ፍሬን ነው የሚሠሩት።»

«በቃ እሱ ነው» አለች ሩት። «እኛ ከቁራጯ ውስጥ የምንፈልገው የቆሸሸውን ገጽ ነው። ምልክቱ በደቂቃ ውስጥ ይጠፋል፤ ለዚያ ነው ቁራጯ እንደወጣች ፈሳሽ ውስጥ የምትገባው። ለማንበብ ደግሞ መፍጨት ግድ ነው።»

ከሔዋን ጋር የብዙ ልጆች ቁራጭ እንዳነበቡ ነገረችው። የአንዳንዶቹ ጉበት ገና በቁጣ፣ በእብጠት ላይ ነው፤ የተገለጡት ገጾች የቁጣ ገጾች ናቸው። እነዚያ ልጆች ቀዶ ሲደረግላቸው ብዙዎቹ ተርፈዋል። የሌሎቹ ቁጣው አልፎ ጉበቱ ጠባሳ መሥራት ጀምሯል፤ የጠባሳው ገጾች ተገልጠዋል። ለእነዚያ ቢላዋው እምብዛም አልረዳም። የሔዋን የጠባሳ ገጾች አንድም ሳይቀር ተገልጠው ነበር።

«ሃያ ሦስት ቀን ቀድማ ብትመጣስ?»

«የዚያን ቀን ቁራጭ የለኝም፣ ንጉሴ። የእሷን አላውቅም፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። በሰማንያዎቹ ቀናቸው የመጡ ዘጠኝ ልጆች አሉኝ። የአምስቱ የጠባሳ ገጽ ገና አልተገለጠም ነበር። በመቶዎቹ ቀን ከመጡት ግን አንድም የለም።» ከንፈሯን እንደገና ጠረገች። «ከአምስቱ ትሁን ከአራቱ አልነግርህም። ቀኖቹ ምንም አልነበሩም ብዬም አልዋሽህም።»

ንጉሴ ተነሳ። ዘበኛውን ይቅርታ ጠየቀ፣ ሩትን ግን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ፖሊስ ይጠራ ሲሉ እሷ ተዉት አለች። ጠረጴዛውን አቁሞ ወጣ።

ወልድያ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሲሪንቃን እስኪያልፍ ድረስ ደንዝዞ ነበር። ከዚያ ያቺ ዓረፍተ ነገር መጣችለት። ቀኖቹ ከባድ ነበሩ፣ እሺ። ግን ቀኖቹን የበላው ማን ነው? መንገዱን የዘጋው ነዋ። ብታሰርም ባልታሰርም ሔዋን መርሳ ላይ ትቀር ነበር። መርሳ ሲደርስ ሐዘኑ ወደ ንዴት ተለውጦ፣ ንዴቱም የሚያርፍበት ሰው አግኝቶ ነበር። ቤት ሲገባ አስካለ ቆማ አገኛት። ናርዶስ ስልክ ደውላ በአዳራሹ የሆነውን ሁሉ እንደነገረቻት አላወቀም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሰማውን አንድ በአንድ ነገራት፤ ስለ ገጾቹ፣ ስለ ዘጠኙ ልጆች፣ ስለ አምስቱ።

«ስለዚህ ቀኖቹ ናቸው የገደሏት» አለ። «መንገዱን የዘጉት ናቸው። አንዱን እንኳ ባገኘው በእጄ አንቄ ነው የምገድለው።»

«መንገዱ ክፍት ነበር» አለች አስካለ።

«መቼ?»

«በታሰርክ በሰባተኛው ቀን ተከፈተ። አራት ቀን መኪና ሲያልፍ ቆየ። ናርዶስ ደሴ የሚሄድ አምቡላንስ ላይ ቦታ ለምናልኝ እዚሁ ደጅ ድረስ መጥታለች።»

«ታዲያ ለምን አልሄድሽም?»

«አንተ ሳትኖር?»

«እኔ ዘንድ መጥተሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«መጣሁ። ያን ዕለት ስንቁን ስሰጥህ መንገዱስ አልከኝ። ዝግ ነው አልኩህ።»

ንጉሴ ከሰባተኛው ቀን ተነስቶ በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

«ወስጄያት ቢላዋ ሥር ብትሞትብኝስ?» አለች። «አያ ሲሳይ የነኳት ሊያድኗት ነበር። ምን እንዳደረግሃቸው ሄጄ አይቻለሁ። ጥርሳቸውን ሚስታቸው ከመሬት ሲለቅሙ አይቻለሁ። በእኔ እጅ ብትሞት እኔን ምን ልታደርገኝ ነበር? አራቱንም ቀን ሳስበው ዋልኩ። ከዚያ ተዘጋ።»

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ንጉሴ ቀና ብሎ ያን ጊዜ ነው በደንብ ያያት። ፍፁምን በጀርባዋ አጥብቃ አዝላዋለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ቋጥራለች፤ ጫማዋን አድርጋለች። የቆመችው በሩ ላይ ነው፤ በሩም ክፍት ነው። ከደጅ የባጃጅ ሞተር ሲሠራ ይሰማል፤ አጥፋው የሚል የለም።

ዓይኑ ሞላ። እንባውን ከእሷ ሊሸፍን እጁን ወደ ፊቱ አነሳ። አስካለ እጁ ሲነሳ አየች፤ እጁ ፊቱ ላይ ሳይደርስ ከደጅ ወጥታ ነበር።